ሦስቱ የዊጊን ልጆች፦ ልዩ ተሰጥኦና የተወሰደ ልጅነት

አንድ ሕፃን ከእኩዮቹ ሁሉ የላቀ የማሰብ ችሎታ እንዳለው ቢታወቅ፣ ያ ችሎታ የማን ነው? የልጁ ነው? የወለዱትና ያሳደጉት ወላጆቹ ነው? ወይስ ለጋራ ጥቅም የሚፈልገው ኅብረተሰብ? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አሜሪካዊው ደራሲ ኦርሰን ስኮት ካርድ በ1985 ባሳተመው «ኤንደርስ ጌም»፣ ማለትም «የኤንደር ጨዋታ» በተሰኘ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ውስጥ ግን ይኸው ጥያቄ የሦስት ልጆችን ሕይወት ሲበላ እንመለከታለን።

ሥራው መጀመሪያ በ1977 «አናሎግ» በተባለው መጽሔት ላይ በአጭር ታሪክ መልክ ወጣ። ተስፋፍቶ መጽሐፍ ከሆነ በኋላ በዘርፉ ታላላቅ የሚባሉትን የኔቡላና የሁጎ ሽልማቶች ሁለቱንም አገኘ፤ በ2013 ደግሞ ፊልም ተሠርቶበታል። ብዙ ወጣቶች መጽሐፉን የሚያነቡት ስለ ጠፈር ጦርነቱ ሲሉ ነው። የዚህ ጽሑፍ ትኩረት ግን ከጦርነቱ ጀርባ በቆሙት ሦስት ልጆች ላይ ነው። ደራሲው ስለ ተሰጥኦ ያሰበው ከዘር ውርስ፣ ከአእምሮ ዕድገትና ከሥነ ልቡና ጥናቶች ጋር ምን ያህል ይስማማል? ልጅነታቸውንስ የወሰደባቸው በእርግጥ ምን ነበር? እነዚህን ጥያቄዎች በየተራ እንመለከታለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን፣ የመጽሐፉ ፍጻሜም እዚህ የሚገለጽ መሆኑን አንባቢ ከወዲሁ ይገንዘብልን።

ታሪኩ በአጭሩ

ታሪኩ የሚፈጸመው በመጪው ዘመን ነው። ምድር ነፍሳትን በሚመስሉ የሌላ ዓለም ፍጡራን ሁለት ጊዜ ተወርራ በመከራ ተርፋለች። ሦስተኛውን ጦርነት የሚመራ አዛዥ ለማግኘት ዓለም አቀፉ ጦር ልዩ ተሰጥኦ ያላቸውን ሕፃናት ይመለምላል። አንገታቸው ሥር በተተከለ አነስተኛ መሣሪያ አማካይነት ሕፃናቱ የሚያዩትና የሚሰሙት ሁሉ ይመዘገባል፤ ይመዘናልም።

የዊጊን ቤተሰብ ልጆች ሦስት ናቸው። ታሪኩ ሲጀምር የበኩሩ ፒተር 10 ዓመቱ ነው፤ ቫለንታይን 8፣ ታናሹ አንድሩ፣ በቤት ስሙ ኤንደር፣ ገና 6 ዓመቱ ነው። ፒተር በማሰብ ኃይሉ ወደር የለውም፤ ነገር ግን ጨካኝ ነው ተብሎ በመልማዮቹ ተጣለ። ቫለንታይን ከወንድሟ የምታንስ አይደለችም፤ ይሁንና ከልክ በላይ ርኅሩኅ ናት ተብላ ቀረች። አንድ ቤተሰብ ከሁለት ልጅ በላይ እንዳይወልድ ሕግ በሚከለክልበት በዚያ ዘመን፣ የዊጊን ቤተሰብ ሦስተኛ ልጅ እንዲወልድ ልዩ ፈቃድ የተሰጠው የሁለቱን መካከለኛ ለማግኘት ሲባል ነው። እንግዲህ ኤንደር ገና ሳይፀነስ ሥራ የተመደበለት ልጅ ነው። በትምህርት ቤትም «ሦስተኛ» የሚለው ቃል የስድብ ስሙ ሆኖ ይከተለዋል።

በ6 ዓመቱ ከቤቱ ተወስዶ በጠፈር ላይ ወደሚገኘው የውጊያ ትምህርት ቤት ይገባል። ኃላፊው ኮሎኔል ግራፍ ገና በጉዞው ላይ ሳሉ በሌሎቹ ልጆች ፊት ከመጠን በላይ ያወድሰዋል፤ ዓላማው እንዲጠሉት ማድረግ ነው። ልጁ ወዳጅ ባገኘ ቁጥር ቦታው ይለወጣል፤ ደንቡን በለመደ ቁጥር ደንቡ ይለወጣል። በ9 ዓመቱ የልጆች ጦር አዛዥ ይሆናል። በመጨረሻም ወደ አዛዦች ትምህርት ቤት ተዛውሮ፣ ልምምድ ነው እየተባለ በሚቀርብለት የኮምፒውተር ጨዋታ መርከቦችን ማዘዝ ይጀምራል። የመጨረሻ ፈተና በተባለው ጨዋታ የጠላትን ፕላኔት እንዳለ ያወድማል። እውነቱ የሚነገረው ያን ጊዜ ነው፤ ልምምድ የተባለው ሁሉ እውነተኛ ጦርነት ነበር። 11 ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ሳያውቅ አንድን የፍጡራን ዘር ከነመኖሪያው አጥፍቷል።

ምድር ላይ የቀሩት ታላላቆቹም ቢሆኑ ልጅነታቸው አልተረፈላቸውም። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ መግቢያ ላይ ሳሉ ዕድሜያቸውን ደብቀው፣ ዓለምን በሚያገናኘው የኮምፒውተር መረብ የፖለቲካ ጽሑፎች ማሰራጨት ይጀምራሉ። ጨካኙ ፒተር ሎክ የተባለውን የለዘብተኛ ጸሐፊ ስም ሲይዝ፣ ርኅሩኋ ቫለንታይን ዲሞስቴኒስ የተባለውን የጦረኛ ጸሐፊ ስም እንድትይዝ ያደርጋታል። እርሷ የማታምንበትን እየጻፈች፣ እርሱ ያልሆነውን እየመሰለ ያድጋሉ።

ሦስተኛው ዕጣ

በመጽሐፉ ውስጥ የጦሩ ስሌት እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያው ልጅ በጣም ጨከነ፤ ሁለተኛዋ በጣም ራራች፤ ስለዚህ ሦስተኛው መካከለኛ ይሆናል። ለልብ ወለድ የሚያምር ስሌት ነው፤ የዘር ውርስ ሳይንስ ግን አይደግፈውም።

እያንዳንዱ ወላጅ ካሉት 23 ጥንድ ክሮሞሶሞች ከየጥንዱ አንዱን ብቻ ለልጁ ያወርሳል። ከየጥንዱ የትኛው እንደሚተላለፍ የዕጣ ጉዳይ በመሆኑ፣ አንድ ወላጅ ብቻውን ሊያስተላልፋቸው የሚችላቸው ጥምረቶች 2 ለ23 ጊዜ በራሱ ተባዝቶ የሚገኘውን ያህል፣ ማለትም 8,388,608 ናቸው። የሁለቱን ወላጆች ስናባዛ ቁጥሩ ከ70 ትሪሊዮን ያልፋል። ክሮሞሶሞች ከመለያየታቸው በፊት ክፍልፋዮቻቸውን የሚለዋወጡ መሆናቸው ሲታከልበት ደግሞ ለመቁጠር ያዳግታል። ስለዚህ ሦስተኛው ልጅ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ድምር ለሁለት ተካፍሎ የሚገኝ ውጤት አይደለም። ከታላላቆቹ ውጤት ጋር ግንኙነት የሌለው፣ ከወላጆቹ እንደ አዲስ የሚወጣ ዕጣ ነው። ከፒተር የከፋ ጨካኝ ወይም ከቫለንታይን የበለጠ ርኅሩኅ ሆኖ ሊወለድም ይችል ነበር።

ሌላም ነጥብ አለ። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን በ1886 ባቀረቡት ጥናት፣ በጣም ረጃጅም የሆኑ ወላጆች የሚወልዷቸው ልጆች ረጃጅም ቢሆኑም በአማካይ ከወላጆቻቸው ይልቅ ወደ ሕዝቡ አማካይ እንደሚቀርቡ አሳይተዋል። ይህ ወደ አማካይ የመመለስ ሕግ ይባላል። በማሰብ ችሎታም ረገድ ለምሳሌ ያህል አንድ ስሌት እንሥራ። የሕዝቡ አማካይ ውጤት 100፣ የአባትና የእናት አማካይ 130 ነው እንበል። በሰዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት ግማሹ ከዘር የሚወረስ ነው ብንል፣ ከእነዚህ ወላጆች ልጆች የሚጠበቀው አማካይ ውጤት 115 ይሆናል እንጂ 130 አይሆንም። ከልጆቹ አንዳንዶቹ ከዚህ በላይ፣ አንዳንዶቹ ከዚህ በታች ይወጣሉ። በአንድ ቤት ሦስት ልጆች በተከታታይ ከሺህ አንድ በሚባል ደረጃ ላይ መገኘታቸው የማይቻል ባይሆንም እጅግ ብርቅ ነው። ደራሲው ይህን ብርቅ አጋጣሚ የታሪኩ መነሻ ማድረጉ መብቱ ነው። ጦሩ ግን አጋጣሚውን እንደ ዕቅድ ቆጥሮ አንድን ሕፃን ለዕቅዱ ማስረጃ አደረገው።

ፈጥኖ የሚያስብ አእምሮ ፈጥኖ አይበስልም

ስለ ልዩ ተሰጥኦ ባለቤቶች በብዙዎች ዘንድ የተለመደ አንድ አስተሳሰብ አለ። ይኸውም እንዲህ ያለው ልጅ «ትንሽ ትልቅ ሰው» ነው፤ አእምሮው ቀድሞ ስለ በሰለ ትልቅ ሰው የሚሸከመውን ሊሸከም ይችላል የሚል ነው። የውጊያ ትምህርት ቤቱ አሠራር በሙሉ የቆመው በዚህ ግምት ላይ ነው። ሳይንሱ የሚለው ግን ከዚህ የተለየ ነው።

ፊሊፕ ሾውና ባልደረቦቻቸው በ2006 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ጥናት የ307 ሕፃናትንና ወጣቶችን አእምሮ በኤምአርአይ መሣሪያ በተለያየ ዕድሜያቸው እየደጋገሙ አንሥተው መረመሩ። ከፍተኛ የማሰብ ችሎታ የታየባቸው ልጆች የአእምሯቸው የላይኛው ሽፋን፣ በተለይም የፊተኛው ክፍል፣ ዕድገቱን ከሌሎቹ ቀድሞ የሚጨርስ ሆኖ አልተገኘም። እንዲያውም ሽፋኑ መወፈሩን ለረጅም ጊዜ ይቀጥልና ከፍተኛ ውፍረቱ ላይ የሚደርሰው ዘግይቶ፣ ወደ 11 ዓመት ገደማ ነው። የአማካዮቹ ልጆች ግን ከዚያ ብዙ ቀድሞ ይደርሳል። በሌላ አነጋገር፣ ባለ ልዩ ተሰጥኦው ልጅ የግንባታ ጊዜው የረዘመ እንጂ ያጠረ አይደለም።

ከዚህም በላይ ውሳኔን የሚያመዛዝነው፣ ስሜትን የሚገታውና የድርጊትን መዘዝ አርቆ የሚያየው የፊተኛው የአእምሮ ክፍል መብሰሉን የሚቀጥለው እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ መሆኑን በርካታ ጥናቶች አረጋግጠዋል። ስለሆነም አንድ የ9 ዓመት ልጅ የትልቅ ሰው የሚመስል ስሌት ሊሠራ ይችላል፤ የስሌቱን ውጤት እንደ ትልቅ ሰው በልቡ ሊሸከም ግን አይችልም። በዘርፉ ቀደምት ከሆኑት ተመራማሪዎች አንዷ አሜሪካዊቷ የሥነ ልቡና ባለሙያ ሌታ ሆሊንግወርዝ ናቸው። ከሞቱ በኋላ በ1942 በታተመ ሥራቸው እጅግ ከፍተኛ ውጤት ያላቸውን ልጆች ሕይወት ተከታትለው የደረሱበት አንዱ ግንዛቤ ይኸው ነው፤ የእነዚህ ልጆች ዋነኛ ችግር የሚመነጨው የአስተሳሰባቸው ዕድሜና የስሜታቸው ዕድሜ እኩል ባለመሄዱ ነው።

ኤንደር ጠላቱን ድል ከማድረጉ በፊት ጠላቱን የመረዳትና በመጨረሻም የመውደድ ዝንባሌ አለው። ለአዛዥነት ያስመረጠው ይህ ችሎታው ነው። በኋላ እንቅልፍ የነሣውና ምግብ የከለከለውም ይኸው ችሎታው ነው።

በእውነተኛው ዓለም፦ ሁለት ወንዶች ልጆችና ሦስት እህትማማቾች

ልብ ወለዱን ከእውነተኛ ሕይወት ጋር ለማነጻጸር ብዙ ርቀን መሄድ አያስፈልገንም። በ1909 በአሜሪካው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ በአንድ ጊዜ ሁለት ልጆች ይታዩ ነበር። አንደኛው በ11 ዓመቱ የገባው ዊልያም ጄምስ ሳይዲስ ሲሆን፣ ሌላው በ14 ዓመቱ የመጀመሪያ ዲግሪውን ከተፍትስ ኮሌጅ ይዞ ለከፍተኛ ትምህርት የመጣው ኖርበርት ዊነር ነው።

የሳይዲስ አባት ቦሪስ የሥነ ልቡና ሊቅ ነበሩ፤ ልጃቸውንም የትምህርት ዘዴያቸው ሕያው ማስረጃ አድርገው ለዓለም አቀረቡ። ልጁ በ1910 መጀመሪያ ላይ ባለ አራት ልኬት አካላትን አስመልክቶ ለሃርቫርድ የሒሳብ ሊቃውንት ንግግር ባደረገ ጊዜ ጋዜጦች ስሙን አራገቡት። በ1914 በ16 ዓመቱ ተመረቀ። ከዚያ በኋላ የሚታወቀው ታሪኩ ግን በአብዛኛው የሽሽት ታሪክ ነው። ለአጭር ጊዜ ካስተማረ በኋላ የሒሳብ ሥራውን ትቶ፣ ማንነቱን ሰውሮ አነስተኛ የጽሕፈትና የስሌት ሥራዎችን እየሠራ መኖርን መረጠ። የትራም መሸጋገሪያ ቲኬቶችን ይሰበስብ ነበር፤ ስለዚሁም በብዕር ስም መጽሐፍ ጻፈ። በ1937 አንድ ታዋቂ መጽሔት የተሸሸገ ኑሮውን ገልጦ ሲጽፍበት የግል ሕይወቴ ተደፈረ ብሎ ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱ በ1940 በሰጠው ውሳኔ አንድ ጊዜ የሕዝብ ዓይን ያረፈበት ሰው ከሕዝብ ዓይን ለመሰወር ሙሉ መብት እንደሌለው ገለጸ። በ1944 በ46 ዓመቱ ዐረፈ።

ዊነር የተለየ ዕድል ገጠማቸው። በ18 ዓመታቸው የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ፤ በኋላም ሳይበርኔቲክስ የተባለውን የቁጥጥርና የመልእክት ልውውጥ ሳይንስ መሠረቱ። ሆኖም በ1953 ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው አንድ የልጅነት ቁስል ይጠቅሳሉ። የቋንቋ ሊቅ የነበሩት አባታቸው ሊዮ ዊነር፣ ልጆቼ እንደ ማንኛውም ልጅ ናቸው፤ ውጤቱ የሥልጠናዬ ነው ሲሉ በአደባባይ ጽፈው ነበር። ይህን ያነበበው ወጣት ከዚያ በኋላ ሲሳካለት ድሉ የአባቱ፣ ሲወድቅ ግን ጥፋቱ የራሱ ብቻ እንደሆነ ተሰማው። ዊነር ከዚህ ስሜት ለመውጣት ብዙ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል።

ከዊጊን ልጆች ጋር ይበልጥ የሚመሳሰሉት ግን የሃንጋሪዎቹ የፖልጋር እህትማማቾች ናቸው። አባታቸው ላስሎ ፖልጋር ሊቅ ይሠራል እንጂ አይወለድም የሚል እምነት ነበራቸው፤ ልጆቹ ከመወለዳቸው በፊትም ይህንኑ ለመሞከር አቅደዋል። በ1969 የተወለደችው ዡዣ፣ በ1974 የተወለደችው ዦፊያና በ1976 የተወለደችው ዮዲት ቤታቸው ውስጥ ተማሩ፤ ቼዝንም ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ተለማመዱ። በ1988 በተሳሎኒኪ በተካሄደው የቼዝ ኦሊምፒያድ ሦስቱ ከአንዲት የአገራቸው ልጅ ጋር ሆነው ለሃንጋሪ የሴቶች ቡድን የወርቅ ሜዳሊያ አስገኙ። ዡዣ በ1996 የሴቶች የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ዮዲት በ1991 በ15 ዓመቷ የግራንድ ማስተርነት ማዕረግ በማግኘት ቦቢ ፊሸር ይዞት የነበረውን የዕድሜ ክብረ ወሰን አሻሻለች፤ ከወንዶች ጋር ተወዳድራም ከዓለም አሥሮቹ ምርጦች ተርታ ገባች። ዦፊያ በ1989 በሮም ባደረገችው አስደናቂ ውድድር ስሟን ብታስጠራም እንደ እህቶቿ አልገፋችበትም፤ በኋላ ወደ ሥዕል አዘነበለች።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገሮች ልብ ይሏል። አንደኛ፣ አንድ ዓይነት ሥልጠና በአንድ ቤት ውስጥ ሦስት የተለያዩ ሰዎችን አወጣ፤ ቀደም ሲል ያየነው የዘር ዕጣ እዚህም ሥራውን ሠርቷል። ሁለተኛ፣ ከሥልጠናው ጥብቅነት ጋር ሦስቱ እህትማማቾች አልተለያዩም። አብረው ተማሩ፤ አብረው ተጓዙ፤ እርስ በርስ ተጫወቱ። አንዷ ስትሸነፍ ሽንፈት ምን እንደሆነ የሚያውቁ ሁለት እህቶች አጠገቧ ነበሩ። ጦሩ ለኤንደር የነፈገው ይህንኑ ነው።

የረጅም ዘመን ጥናቶች ምን ያሳያሉ?

የጥቂት ሰዎች ታሪክ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ሉዊስ ተርማን በ1921 ከ1,500 የሚበልጡ ከፍተኛ የማሰብ ችሎታ ያላቸው የካሊፎርኒያ ልጆችን መርጠው ዕድሜ ልካቸውን የሚከታተል ጥናት ጀመሩ። ጥናቱ እነዚህ ልጆች በአብዛኛው በጤናም በኑሮም ደኅና እንደሚሆኑ በማሳየት፣ ሊቅነት ከእብደት ጋር ይጎዳኛል የሚለውን አሮጌ እምነት አዳከመ። ቡድኑ ዕድሜው ከገፋ በኋላ በ1968 በታተመ ሪፖርት ደግሞ እጅግ የተሳካላቸው 100 ወንዶች በሥራቸው ብዙም ካልገፉ 100 ወንዶች ጋር ተነጻጸሩ። የሁለቱ ወገኖች የልጅነት የፈተና ውጤት እምብዛም የሚለያይ አልነበረም። ጎልቶ የታየው ልዩነት በቤተሰብ መረጋጋት፣ በራስ መተማመንና በጽናት ላይ ነበር። ከዚህም ጋር ሉዊስ አልቫሬዝና ዊልያም ሾክሊ በልጅነታቸው ለዚሁ ጥናት ተፈትነው ሳይመረጡ ቀርተዋል፤ ሁለቱም በኋላ በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። የልጅነት ፈተና የወደፊቱን ሰው ሙሉ በሙሉ አይናገርም።

ሁለተኛው ጥናት ጁሊያን ስታንሊ በ1971 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት፣ በሒሳብ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸውን ወጣቶች የሚከታተለው ነው። ከዚህ ጥናት የተገኘ፣ 35 ዓመታትን የሚሸፍንና በ2021 የታተመ ውጤት ለጉዳያችን በጣም ጠቃሚ ነው። በእኛ አገር ተማሪዎች ዘንድ «ደብል መምታት» እየተባለ የሚታወቀው፣ ክፍል ዘልሎ ወይም ትምህርትን አፋጥኖ መሄድ፣ በተሳታፊዎቹ የጎልማሳነት ዘመን የሥነ ልቡና ጤንነት ላይ ጉዳት ሲያደርስ አልታየም።

ይህ ውጤት ጥያቄያችንን ያጠራዋል። የልዩ ተሰጥኦ ባለቤቶችን ልጅነት የሚወስደው ከባድ ትምህርት ካልሆነ፣ ታዲያ ምንድን ነው?

የኤንደርን ልጅነት የወሰደው ምን ነበር?

መጽሐፉን ከላይ ካየናቸው እውነታዎች ጋር አስተያይተን ስናነብ መልሱ ሦስት ነገሮች ላይ ያርፋል።

የመጀመሪያው መነጠል ነው። በካናዳ የሌዝብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ሰርጂዮ ፔሊስና ባልደረቦቻቸው በአይጦች ላይ ባካሄዷቸው ጥናቶች፣ በልጅነታቸው ከእኩዮቻቸው ጋር እየታገሉ የመጫወት ዕድል የተነፈጉ አይጦች የፊተኛው የአእምሮ ክፍላቸው ዕድገት ከሌሎቹ እንደሚለይ አሳይተዋል። ጨዋታ አእምሮ የሌላውን ሐሳብ መገመትን፣ ኃይልን መመጠንን፣ ተሸንፎ መታረቅን የሚማርበት መንገድ ነው። ሰው አይጥ አይደለምና ውጤቱን እንዳለ ወደ ሰው ማሻገር አይቻልም፤ ጨዋታ የትርፍ ጊዜ ማባከኛ ብቻ አለመሆኑን ግን ይጠቁመናል። በውጊያ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ «ጨዋታ» አለ። ነገር ግን ማንም ልጅ መቼ እንደሚጀመር፣ ከማን ጋር እንደሚሆንና መቼ እንደሚያበቃ አይወስንም። እንዲህ ያለው ነገር ስሙ ጨዋታ ቢሆንም ሥራ ነው።

ሁለተኛው ማታለል ነው። ኤንደር የሚያደርገው ምን እንደሆነ ቢያውቅ ኖሮ አያደርገውም ነበር፤ አዛዦቹም ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ችሎታውን ወስደው ፈቃዱን ተዉት። ግፉ ይበልጥ የሚሰማን በሐይቁ ዳር ትዕይንት ነው። ኤንደር ደክሞት ከዚህ በኋላ አልቀጥልም ባለ ጊዜ፣ ኮሎኔል ግራፍ ለዓመታት ያላያትን እህቱን ቫለንታይንን ያመጣለታል። እርሷም የተጠራችው ወደ ጦርነቱ እንዲመለስ ለማግባባት መሆኑን ታውቃለች። በዓለም ላይ የቀረው ብቸኛ እውነተኛ ፍቅር መሣሪያ ሆኖ በእጃቸው ገባ። በዚያች ዕለት የሁለቱም ልጅነት አብሮ አበቃ ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው እምቢ የማለት ዕድል ማጣት ነው። ኤንደር መጀመሪያ ሲወሰድ ትሄዳለህ ወይ ተብሎ ይጠየቃል፤ እሺም ይላል። ግን የ6 ዓመት ሕፃን የሚሰጠው እሺታ ምን ዋጋ አለው? የተባበሩት መንግሥታት በ1989 ያጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ31ኛው አንቀጽ ዕረፍትንና ጨዋታን የልጅ መብት አድርጎ ደንግጓል፤ አገራችንም ስምምነቱን በ1991 ተቀብላዋለች። በ2000 ጸድቆ በ2002 በሥራ ላይ የዋለው ተጨማሪ ፕሮቶኮል ደግሞ ከ18 ዓመት በታች የሆኑ የጦር ኃይል አባላት በውጊያ በቀጥታ እንዳይሳተፉ መንግሥታትን ያስገድዳል። የእነዚህ ሕጎች መነሻ ሐሳብ ቀላል ነው፤ ልጅ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ያልገባውን ነገር እሺ ብሏል ተብሎ አይያዝም።

ወንድማማቾችን የሚለያይ ጊዜ

መጽሐፉ የልጅነትን መጥፋት የሚገልጽበት አንድ የፊዚክስ ምሳሌም አለ። እንደ አንስታይን የልዩ አንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ፣ በብርሃን ፍጥነት አቅራቢያ ለሚጓዝ ሰው ጊዜ ምድር ላይ ከቀረው ሰው አንጻር ይዘገያል። የኤንደር የመጨረሻ መምህር ሜዘር ራክሃም የቀድሞው ጦርነት ጀግና ነው። ሳያረጅ እንዲቆይ በመርከብ ተልኮ ይመለሳል፤ ምድር ላይ 50 ዓመት ሲያልፍ ለእርሱ የሚያልፈው 8 ዓመት ብቻ ነው። ሬሾው 6.25 ስለሆነ፣ ተማሪ አንባቢያን ራሳቸው ሊያሰሉት እንደሚችሉት፣ የመርከቡ አማካይ ፍጥነት ከብርሃን ፍጥነት ወደ 98.7 በመቶ ገደማ መሆን አለበት። በአንጻሩ ከብርሃን ፈጥኖ መልእክት የሚያደርሰው የመጽሐፉ መሣሪያ ከሚታወቀው ፊዚክስ ጋር አይስማማም።

ከጦርነቱ በኋላ ቫለንታይን ኤንደርን ይዛ ወደ ሩቅ ሰፈራ ትጓዛለች፤ ምድር ላይ ቢቀር ፒተር ለሥልጣን መሣሪያ እንደሚያደርገው ታውቃለች። በዚህ ጉዞ ምክንያት የጊዜ ልዩነቱ ሦስቱን ልጆች ለዘላለም ይለያያቸዋል። በኤንደርና በፒተር መካከል የነበረው የ4 ዓመት ልዩነት ወደ አሥርት ዓመታት ይሰፋል። ፒተር የምድር መሪ ሆኖ፣ በ77 ዓመቱ ልቡ ደክሞ ታሪኩን ለወንድሙ ሲናገር፣ አድማጩ ኤንደር ገና ወጣት ነው። በሚቀጥለው የደራሲው መጽሐፍ ደግሞ ምድር ላይ 3,000 ዓመት ያህል አልፎ፣ ኤንደር ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ይገኛል። ወጣትነቱ በስሌት ረዝሞለታል። ልጅነቱን ግን የትኛውም ፍጥነት አልመለሰለትም።

ማጠቃለያ

ወደ መነሻ ጥያቄያችን እንመለስ። የአንድ ልጅ ልዩ ችሎታ የማን ነው? ከላይ የተመለከትናቸው የዘር፣ የአእምሮና የሥነ ልቡና ጥናቶች ጥያቄውን በቀጥታ አይመልሱም፤ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነውና። ሆኖም መልሱ ሊቆምባቸው የሚገቡ ነገሮችን ያመለክታሉ። ተሰጥኦ የዕጣ ጉዳይ ስለሆነ ማንም በዕቅድ ሠራሁት ሊል አይችልም። ባለ ተሰጥኦው ልጅ ለመብሰል ከሌሎቹ ያላነሰ ጊዜ ይፈልጋል። በፍጥነት መማር አይጎዳውም፤ ብቻውን መቅረት፣ መታለልና እምቢ ማለት አለመቻል ግን ይጎዱታል። የመንግሥት ወይም የቤተሰብ ችግር ምንም ያህል አጣዳፊ ቢሆን ይህ እውነት አይለወጥም። የካርድ ልብ ወለድ ጥንካሬም እዚህ ላይ ነው፤ አዛዦቹን ክፉዎች አድርጎ አላቀረበልንም። ምድርን ለማዳን የፈለጉ ሰዎች ናቸው፤ ያደረጉትንም ያደረጉት የሚያስፈራውን ነገር ስላዩ ነው።

ከዚህ መጽሔት አንባቢዎች መካከል በየቤታቸው «የቤተሰቡ ተስፋ» የተባሉ፣ ከታናሽ ወንድሞቻቸውና እህቶቻቸው በውጤት የሚነጻጸሩ፣ ወይም ራሳቸው ታናናሾቻቸውን የሚያስጠኑ እንደሚኖሩ እንገምታለን። ለእነርሱ ከዚህ ታሪክ የምናወጣው ምክር አጭር ነው። ጎበዙን ታናሻችሁን የሚከብድ ጥያቄ ስጡት፤ ከክፍሉ በላይ ያለውን መጽሐፍም አበድሩት። ሲደክመው ግን ደክሞኛል እንዲል ፍቀዱለት፤ ማታ ሲሆንም ከሰፈሩ ልጆች ጋር ወጥቶ ይጫወት።